ማዳበሪያው ማዳበሪያ ይሁን

አዲስ አበባ ላይ «ማዳበሪያ» የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ገበሬ ማሳው ላይ የሚበትነው ነው። ሁለተኛው ያ ሲያልቅ የሚተርፈው ነጭ ጆንያ ነው፤ ከተማ ገብቶ ከሰል ይያዝበታል፣ ሽንኩርት ይጫንበታል፣ ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ ከበር ኋላ ቆሞ ቆሻሻ ይጠራቀምበታል። በየሳምንቱ በዚህ በሁለተኛው ማዳበሪያ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የበርጫ ገረባ እንሞላና አፉን ጥርቅም አድርገን አስረን እናወጣለን። አንደኛውን ማዳበሪያ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ በሁለተኛው አሽገን እንጥላለን ማለት ነው። ከዚያ በሳምንቱ ለበረንዳችን ጤና አዳም የሚሆን ጥቁር አፈር ልንገዛ እንወጣለን። አፈሩንም የሚያስረክቡን በማዳበሪያ ነው።

እኛ በዚህ ነገር መሳቅ ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆነን። ከሳቅን በኋላ ግን ዝም ማለት አቃተን።

ማን ናችሁ ለምትሉን፦ ስም የለንም። ማኅተም፣ ሊቀመንበር፣ የባንክ ሒሳብም የለንም። በአንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ደረጃ ላይ የተጀመረ ወሬ ነን፤ ከአራተኛ ፎቅ ወደ ምድር ወርዶ፣ አጥር ዘሎ፣ ጎረቤት ካሉት የቀበሌ ቤቶች ደርሷል። አንዷ መምህር ናት፣ አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ ሁለቱ ጡረተኞች ናቸው፣ አንዷ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ስለ ምጣድ የምንናገረውን ሁሉ የተማርነው ከእሷ ነው። «ማኒፌስቶ» የሚለው ቃል ለሽንኩርት ልጣጭ ይከብዳል የሚል ካለ አንከራከረውም። በዚህ አገር ስለ መሬት ማኒፌስቶ ተጽፏል፣ ስለ ሥልጣን ተጽፏል፤ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ስላለው ባልዲ ግን የጻፈ አላየንም። እነሆ እኛ ጻፍን።

አዋጃችን አጭር ነው። እርጥቡ ከግቢ አይወጣም፤ ደረቁ ከእርጥቡ ጋር አያድርም።

ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው፤ ግን ማብራሪያው ቀላል አይደለም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የከተማችን ቆሻሻ የሚከመርበት ቆሼ ተደረመሰ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ እዚያው ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ለቅሶ ተቀመጥን፣ ብር አዋጣን፣ ሰኞ ደግሞ ማዳበሪያችንን አስረን አወጣን። ያ ተራራ የተፈጥሮ ተራራ አልነበረም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከየቤታችን እየታሰረ የወጣ ነገር ተከምሮ ተከምሮ ነው ተራራ የሆነው። የከተማችን የቤት ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። የሚበሰብስ ነገር አየር ካገኘ አፈር ይሆናል፤ አየር አጥቶ በክብደት ሥር ከታፈነ ግን ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሚቴን ይነድዳል፤ ሰማዩ ላይ ወጥቶም ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ20 እጥፍ በላይ ጉልበት አለው። አንድ የድንች ልጣጭ ጤና አዳም ሥር ቢወድቅ ምግብ ነው፤ ቆሼ ቢወድቅ ጢስ ነው። ልጣጩ ያው ልጣጭ ነው፤ ልዩነቱ ያደረበት ቦታ ነው።

ከአደጋው በኋላ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን እርጥብ እንጨት አንድዶ የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እኛም እናውቃለን፦ እሳቱ መጀመሪያ ውሃውን ማድረቅ አለበት፤ ውሃውን ሲያደርቅ ሙቀቱ ያልቅበታል። ቲማቲምና ካርቶን በአንድ ጆንያ የሚልክ ቤተሰብ ለየትኛውም ፋብሪካ፣ ለየትኛውም ቴክኖሎጂ የሚልከው ጭቃ ነው። ስለዚህ የነገሩ ቁልፍ ያለው ረጲ ሳይሆን ማዕድ ቤት ነው።

ቆራሌው

አሁን ስለ ደረቁ።

«ቆራሌው!» የሚለውን ጩኸት ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። «ቆርቆሮ ያለው!» ነበር ጥሪው፤ በስንት ሰፈር፣ በስንት ፀሐይ ሲጮኽ ሲጮኽ ተፍቆ «ቆራሌው» ሆነ። ከእሱ ጋር «ልዋጭ!» የሚሉት አሉ፤ አሮጌ ልብስህን ወስደው ሳህን ወይም ባልዲ ይሰጡሃል። እነዚህ ሰዎች የሰበሰቡት መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርስና በርሜሉ ምድጃ፣ ጎማው በረባሶ፣ የቲማቲም ጣሳው ኩራዝ ሆኖ ይወጣል። ከውጭ የመጣ ዘመድ «እዚህ አገር ቆሻሻ መልሶ መጠቀም የለም ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሳቃችን ይመጣል፤ ያለውን ነገር ስሙን ስላላወቀለት ብቻ የለም ይላል። እኛም ራሳችን እንደዚያው ነን። ፈረንጅ በሥልጠና ያመጣልንን በፕሮጀክት ስም እናጨበጭባለን፣ በራችን ላይ የሚጮኸውን ግን በዘበኛ እናስባርራለን።

ባለፈው ክረምት አንዱን ወጣት ቆራሌው በራችን ላይ አስቁመን ማዳበሪያችንን ከፈትንለት። እጁን አስገብቶ አንድ ሃይላንድ አወጣ። (የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ በአገራችን ሃይላንድ ነው፤ ፋብሪካው የፈለገውን ስም ይለጥፍበት።) ጠርሙሱ ላይ ያደረ ሽሮ ተለጥፎበታል፤ ክዳኑ ሥር የምስር ፍሬ ገብቷል። አገላብጦ አየው፣ አሸተተው፣ መልሶ አስቀመጠው። ሌላ አወጣ፤ ያም እንደዚያው። ካርቶኑን ሲያነሳው በእርጥበት ለሁለት ተበጠሰ። «እትዬ፣ ይኼንን ውሰድ ቢሉኝም አልወስደው፤ ማጠቢያ ውሃው ከዋጋው ይበልጣል» አላት መምህሯን። ከአንድ ሙሉ ጆንያ ያነሳው ሦስት ጣሳና አንድ የጫማ ሶል ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ትላንት ሲገዛ ንጹሕ የነበረው፣ በአንድ ሌሊት ከሽሮ ጋር አድሮ ቆሻሻ ሆኗል።

ያን ቀን ገባን። ቆሻሻ የሚባል ዕቃ የለም፤ ቆሻሻ መቀላቀል ነው።

ስለዚህ በየቤታችን ሁለት ጀሪካን ገባ። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ የዘይት ጀሪካን አንገቱ ላይ ይቆረጥና አንዱ ለእርጥብ፣ አንዱ ለደረቅ ይሆናል። ሃይላንድ ተለቅልቆ ይደርቃል፣ ይጨፈለቃል፣ ክዳኑ ይመለስበታል። ወረቀትና ካርቶን ይታጠፋል። ጣሳ በውሃ ይለቀለቃል፤ ለዚህ ንጹሕ ውሃ አታባክኑ፣ የሳህን ማጠቢያው የመጨረሻ ውሃ ይበቃዋል። ቆራሌው ረቡዕና ቅዳሜ ይመጣል፤ ስሙን እናውቀዋለን፣ ስማችንን ያውቃል፣ ዘበኛው በር ይከፍትለታል። ከገንዘቡ አንድም ሳንቲም አንነካም። ገንዘቡ የሱ ነው፤ ጀርባው ላይ ተሸክሞ ኪሎ ሜትሮች የሚሄደው እሱ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለየሰፈሩ ኮሚቴ፣ ለየኮንዶሚኒየሙ ማኅበር የምንለው አለን። «ቆራሌው መግባት ክልክል ነው» የሚለውን ጽሑፍ ከበሩ ላይ አንሱት። ሌባ ይገባብናል ካላችሁ መታወቂያውን መዝግቡ፣ ቀን ቁረጡለት፣ ሰደርያ ግዙለት። እንጀራውን የሚያበስልበትን ነገር በየሳምንቱ ገደል እየጨመራችሁ እሱን በጥርጣሬ ማየት ነውር ነው።

«እኛ ብንለይ እነሱ መልሰው ይቀላቅሉታል»

ይህን ያላለን ሰው የለም። እውነት ነው፤ በዓይናችን አይተናል። በመጀመሪያው ወር ሁለት ማዳበሪያ ለይተን አስረን አወጣን፤ ጋሪ የሚገፉት ልጆች መጥተው ሁለቱንም አንድ ጋሪ ላይ ገለበጡት። ተናደድን። አንዱ ጡረተኛችን ከዘራውን አንስቶ ሊወርድ ነበር፤ ያዝነው። በኋላ ስናስበው ልጆቹ ምን ያድርጉ? ያላቸው አንድ ጋሪ ነው፤ ጋሪው የሚገለበጥበት ገንዳ አንድ ነው፤ ገንዳውን የሚያነሳው መኪና አንድ ነው። ለይቶ የሚወስድ መንገድ ሳይኖር ለይቶ ማውጣት ደብዳቤ ጽፎ ፖስታ ቤት በሌለበት መጣል ነው።

አዋጃችን «እርጥቡ ከግቢ አይወጣም» የሚለው ለዚህ ነው። መለየት ብቻውን አይበቃም፤ እርጥቡ እዚሁ መቅረት አለበት። እርጥቡ እዚህ ከቀረ፣ ደረቁን ቆራሌው ከወሰደ፣ ጋሪው ላይ የሚቀላቀል ነገር የለም። ለጋሪው የሚተርፈው የሕፃን ዳይፐር፣ የተቀደደ ስሊፐር፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ እንዲህ እንዲህ ያለው ነው። ከአራት ማዳበሪያ አንድ ይቀራል። እሱም አይሸትም።

እርጥቡን እንዴት እዚሁ እናስቀረው? እዚህ ላይ ያፈርንበትን እንናገር። የመጀመሪያው ብስባሻችን ከሸፈ። ልጣጭ በልጣጭ ላይ ከመርን፣ ክዳን ከደንበት፣ በ10ኛው ቀን ሽታው ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ። የምድር ቤት ጎረቤታችን ልጇን ክርስትና ልታስነሳ እንግዳ ጠርታ ነበር። ያን ሌሊት በእጅ ባትሪ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ሦስት ሳምንት ማንም ሰላም አላለንም።

ጥፋቱ ቀላል ነበር፤ እርጥብ ብቻውን ነበር። ልጣጭ ሲጨመር ደረቅ ነገር መልበስ አለበት፦ ከአናጢ ቤት በነፃ የሚገኝ ሰጋቱራ፣ የወደቀ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን። አመድም ይገባል፣ በትንሹ። ጀሪካኑ ጎንና ጎኑ በሚስማር ይበሳ፤ አየር ካልገባ ትንሿ ቆሼ ሆነች ማለት ነው። በሳምንት አንዴ በዱላ ይገላበጥ። እጅ ውስጥ ጨምቀው ሲይዙት እንደ ተጨመቀ ስፖንጅ እርጥበቱ ይሰማ እንጂ ውሃ አይንጠብጠብ። ከሸተተ በጣም ርሷል፣ ሰጋቱራ ይጨመር፤ ጉንዳን ከወረረው ደርቋል፣ ውሃ ይረጭ። ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይት ያለው ወጥ አይገባም፤ አይጥና ውሻ ይጠራል። የቡና አተላ ደግሞ ለዚህ ነገር እንደ ቅቤ ነው። ገረባም ገነት ነው፤ ቅጠሉ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ግንጣዩ አየር ያስገባል። (በርጫ ይቅር አይቅር የሚለው ክርክር የዚህ ማኒፌስቶ አይደለም። ከተቃመ ግን ገረባው የኛ ነው።) በሦስት ወር አካባቢ ጥቁር፣ ፍርክስክስ ያለ፣ ዝናብ የመታው መሬት የሚሸት አፈር ይወጣል። ከጀሪካኑ የመጀመሪያውን እፍኝ ያወጣነው የሸሸችን ጎረቤታችን ፊት ነበር። አሸተተችው። ዛሬ የራሷ ሁለት ጀሪካን አላት፤ ቃሪያዋ ከኛ ይበልጣል።

እንጀራስ? እንጀራ እርጥብ ቆሻሻ አይደለም፤ እንጀራ ጨርሶ ቆሻሻ አይደለም። ፍርፍር አለ፣ ድርቆሽ አለ። ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ድፍረት ይሆናል።

ፌስታል ላይ እንምጣ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል ለማምረትም ለማስገባትም ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጸደቀ። ሕጉ መኖሩን እንደግፋለን። ነገር ግን ሕግ ፌስታልን ከሱቅ ያወጣል እንጂ ዘንቢልን ከቤት አያወጣም። ፌስታል የገባው እጃችን ባዶ ስለነበረ ነው፤ ባዶ እጃችንን ወደ ገበያ መውጣት ስልጣኔ መስሎን። እናቶቻችን ዘንቢል ሳይዙ ከበር አይወጡም ነበር። ዘንቢሉን በበር እጀታ ላይ እንሰቅለዋለን፤ ዳቦ ልንገዛ ስንወጣ ያነቀን እስኪመስል ፊታችን ይንጠለጠል።

አንድ ነገር ግን በልመና ሳይሆን በቁጣ እንናገራለን። ከሰል በፌስታል መለኮስ ይቁም። ጠዋት ጠዋት በየደጁ ጥቁር ጢስ ይነሳል፤ የቀለጠ ላስቲክ ከሰሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ ያርገበግባል፤ ከዚያ ጀበናው ይጣዳል። ያ ጢስ መርዝ ነው። ለመለኮሻ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት አለው፣ ይነድዳል፤ የደረቀ ቅጠልም ይሆናል። የተያያዘ ከሰል ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይዞ መተኛት ሞት ነው፤ የማይታይ፣ የማይሸት ጋዝ ያወጣል። በየክረምቱ ቤተሰብ እንዳለ የተኛበት ይቀራል።

ጠርሙስ ሌላ ወሬ ነው፤ እዚህ እንኳን የምንኮራበት አለን። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ባዶውን ሳትመልስ ሙሉውን አትወስድም፤ ወይ መያዣ ታስይዛለህ። ይህ ሥርዓት ያለማንም ሰባኪ በየግሮሰሪው ይሠራል፤ አንድ ጠርሙስ ስንት ሠርግ ይዞራል። ለውሃ ላስቲኩስ ለምን አይሠራም? አምራቾቹን የምንጠይቀው ይህን ነው፦ በእያንዳንዱ ሃይላንድ ላይ ጥቂት ሳንቲም መያዣ ይታሰብ፣ ባዶውን ያመጣ ይመለስለት። ያን ጊዜ ሃይላንድ በቦይ ውስጥ ሲንሳፈፍ አናይም፤ ልጆች ቀድመው ይለቅሙታል። መንግሥትም ከውሃ ቢላችን ጋር አያይዞ የሚቆርጥብን የቆሻሻ ክፍያ አለ፤ እርጥቡን እቤቱ ላስቀረ ሰው ይቀነስለት። ገንዳ ያላስሞላ ገንዳ እንደሞላ አይክፈል።

አንድ አረንጓዴ ነገር ላይም እንናደዳለን። ክረምት በገባ ቁጥር ችግኝ እንተክላለን፤ ደግ ነው። ተክለን ስንወርድ ግን ኮረብታው ላይ ችግኙ የመጣበት ጥቁር ላስቲክ በየጉድጓዱ አፍ ተበትኖ ይቀራል። ላስቲኩን በኪስ ይዞ መመለስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የሚባክነው ሙቀት

ጠፍቶ የሚቀር ነገር ሁሉ በጆንያ አይታሰርም። ሙቀትም አለ።

«ሕዳሴ ተመርቆ ለምን እንቆጥባለን?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። መብራታችን የሚመነጨው ባመዛኙ ከውሃ ነው፤ እንደ ብዙ አገር ከድንጋይ ከሰል አይደለም። ስለዚህ በመብራት መጋገር ኃጢአት ነው አንልም፤ ከማገዶ ይልቅ በመብራት የሚጋገር እንጀራ ይባረክ። ችግሩ ግድቡ ካለበት ከጉባ እስከ ምጣድ ባለው መንገድ ላይ ነው። ግድቡ ቢሞላም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ያው ነው። በበዓል ዋዜማ ሁላችንም ምጣድ በአንድ ሰዓት ስንሰካ ትራንስፎርመሩ «ቡፍ» ይላል፤ ሊጡ ቡሃቃ ውስጥ ይቀራል፤ ሁላችንም ወደ ከሰል እንሮጣለን። ከዚህም ሌላ ገና አንድ አምፖል ያላየ ብዙ ሚሊዮን ወገን አለ። ከኛ የሚተርፈው መስመሩ ከደረሰ ለሱ ነው።

ምጣድ ምን ያህል ይበላል? የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ከዚህ ጋር ስታወዳድሩት፣ ምጣዱ በ1 ሰዓት የሚበላው ለአምፖሉ 350 ሰዓት ይበቃዋል፤ ማታ ማታ 5 ሰዓት ቢበራ 70 ሌሊት ማለት ነው። ስለዚህ ልጁን «መብራት አጥፋ!» እያልክ ምጣድ ባዶውን ሲግል የምትረሳ አባወራ፣ ቁጣህ ቦታውን ስቷል። (አምፖሉንም ግን ያጥፋ።)

እንጀራ የምትሸጠው ጓደኛችን ያስተማረችን ይህን ነው። ከምጣድ ላይ ብዙ የሚባክነው መጀመሪያው ላይ፣ ሸክላው እስኪግል ድረስ ነው። ስለዚህ ስድስት እንጀራ ልጋግር ብሎ ምጣድ ማጋል ብክነት ነው። ቅዳሜ ጠዋት በኮሙናሉ ቤት አራት ቤተሰብ በአንድ ምጣድ እንጋግራለን። ሊጣችንን በየባልዲያችን ይዘን እንወርዳለን፤ ምጣዱ አንዴ ይግላል፣ ከዚያ አይቀዘቅዝም፤ አንዷ ስትጨርስ አንዷ ትቀጥላለች። ክፍያውን በእንጀራ ቁጥር እናካፍላለን። የመጨረሻዋን እንጀራ የምናወጣት መብራቱን አጥፍተን ነው፤ ሸክላው ውስጥ የቀረው ሙቀት ያበስላታል፣ ዓይኗ ትንሽ ቢያንስ ማንም አልሞተም። ከዚያ ምጣዱ ላይ የሳምንቱን ትርፍ እንጀራ ቀዳደን እንበትናለን፤ እስከ ምሳ ድርቆሽ ይሆናል። ሁለተኛው ጡረተኛችን በመጀመሪያ «ወንድ ምጣድ ዳር ምን ይሠራል?» እያለ ነበር፤ አሁን ድርቆሹን የሚያገላብጠው እሱ ነው፤ ከሱ በቀር ማንም እንዲነካበት አይፈልግም።

ሌላው ትንንሽ ነው፣ ቶሎ እንለፈው። ባቄላና ሽምብራ ማታ ይዘፍዘፍ፤ ድስት ይከደን፤ ሻይ በየሰዓቱ ከማፍላት አንዴ አፍልቶ ፔርሙዝ ውስጥ ይግባ። ቦይለር ቀኑን ሙሉ በርቶ አይዋል። በማገዶ የሚጋግር ቤት ክፍቱን ባለ ሦስት ጉልቻ ትቶ «ምርት» የሚባለውን ዝግ ምድጃ ያስገባ፤ የሚነደው እንጨት እስከ ግማሽ ይቀንሳል፣ የእናትም ዓይን ከጢስ ያርፋል።

ከሰልን በጅምላ መኮነንም አንወድም። አዊ ውስጥ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ማሳው ላይ ራሱ ተክሎ፣ በዓመታት ውስጥ ቆርጦ አክስሎ፣ መሬቱን ደግሞ ለጤፍ ይመልሰዋል። ያ እርሻ ነው። ከስምጥ ሸለቆ የተፈጥሮ ግራር ተጨፍጭፎ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። ከሰል ስንገዛ ከየት መጣ ብለን እንጠይቅ፤ ሻጩ ባያውቅ እንኳ መጠየቃችንን ይወቅ።

በ2025 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ጠዋት ሰፈራችን እንዲህ ሆና እናያታለን። የቆሻሻ ጋሪው ይመጣል፣ ግማሹ ባዶ ነው፣ የሚገፉት ልጆች እያወሩ ይገፉታል። ገንዳው ሥር ውሻ የለም። ምድር ቤቱ ፊት ለፊት፣ ድሮ ምንም ያልበቀለበት የኮንክሪት ጥግ ላይ፣ በተቆረጡ ጀሪካኖች ውስጥ ጎመን፣ ቆስጣ፣ በሶብላ ተሰልፏል። ቆራሌው ጋሪ ገዝቷል፤ ሚዛኑን በር ላይ ይሰቅላል፤ ልጆች ሃይላንዳቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። አዲስ ብሎክ የሚሠሩ መሐንዲሶች ፕላኑ ላይ ለመኪና ማቆሚያ ቦታ ሲተዉ ለብስባሽም ይተዋሉ። ረጲ የሚደርሰው መኪና የጫነው ደረቅና ቀላል ነገር ነው፤ እሳቱ ሳይቸገር ይቀበለዋል። በበዓል ዋዜማ ማታ መብራት አልጠፋም። ማዳበሪያ የሚለው ቃልም አንድ ትርጉም ብቻ ቀርቶታል።

ሩቅ አይደለም። ከዚህ ውስጥ ግማሹ በአንድ ብሎክ ላይ ሆኗል፤ መጥታችሁ እዩ፣ ሽታውንም አሽትቱ። በሚመጣው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በብሎካችን በር ላይ እንገናኝ። ሁለት ባዶ ጀሪካን፣ የሚቆርጥ ቢላ፣ ያለው ደግሞ አንድ ፌስታል ሰጋቱራ ይዞ ይምጣ፤ ፌስታሉን ይዞት ይመለሳል። ሚስማርና መዶሻ ከኛ ነው፤ ቡናውም ከኛ ነው፣ አተላውን ግን አናካፍልም።